በምናባዊ ልቦለድ ውስጥ ንዑስ የፍቅር ሴራ ምንድን ነው?

ዋናው ታሪክ ስለ ዘንዶ፣ ስለ አስማት ወይም ስለጠፋ መንግሥት ሆኖ ከሥሩ የሁለት ሰዎች ፍቅር አብሮ ሲጓዝ፣ ያ ፍቅር ንዑስ ሴራ ይባላል። መለያው ቀላል ነው፤ ፍቅሩን ከመጽሐፉ አውጥታችሁ እዩት። በ1958 ዓ.ም. ከታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ቢወጣ መጽሐፉ ይፈርሳል፤ እዚያ ፍቅሩ ራሱ ዋና ሴራ ነው። በቶልኪን «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ግን የአራጎርንና የአርዌን ፍቅር በአብዛኛው የተተረከው መጨረሻ ላይ በተያያዘው አባሪ ነው። ዋናው ታሪክ፣ ማለትም ክፉውን ቀለበት የማጥፋቱ ጉዞ፣ ያለ እሱም ይሄዳል።

ንዑስ ነው ማለት ግን ጌጥ ነው ማለት አይደለም። ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ለምናባዊ ልቦለድ ይህ ብቻውን ግማሽ ታሪክ ነው። እንበል ሐይቁ በየሌሊቱ አንድ ክንድ ይጎድላል። አሞራ ገደል በተባለው የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ መረብ የምትጠግን ልጅ ውሃውን የመመለስ ኃይል አላት፤ በመለሰችው ቁጥር ግን የአንድ የምታውቀው ሰው ስም ከአእምሮዋ ይፋቃል። የሩቅ ጎረቤት ስም ቢጠፋ ብዙም አይጎዳትም። አስማቱ የሚከብደው ጀልባ ቀዛፊውን ስትወድ ነው። ሐይቁም ሕጉም ያው ነው፤ የተለወጠው የምትከፍለው ዋጋ ነው።

30 ምዕራፍ ላለው ልቦለድ ፍቅሩ ከ6 እስከ 8 ምዕራፍ ላይ ጎልቶ ቢወጣ ይበቃዋል። ትውውቃቸው ከ7ኛው ምዕራፍ አይዘግይ፤ ዘግይቶ የመጣ ፍቅር ለጀግናዋ የተሰጠ ሽልማት ይመስላል። የአስማቱ ሕግ በሚገለጥበት ምዕራፍ ግን አታስተዋውቋቸው፤ አንባቢ ሁለቱን አዲስ ነገር እኩል አይዝም።

ከስህተቶች ሁሉ የከፋው መጨረሻ ላይ ፍቅር ሐይቁን ሲሞላው ነው። ሃያ ምዕራፍ ሙሉ ስም ሲያስከፍል የኖረ አስማት በአንድ እቅፍ በነፃ ከሠራ አንባቢው ተታሏል። ሌላው፣ ሐይቁ እየደረቀ ሁለቱ ሐዋሳ ባለው ታቦር ተራራ ላይ ተቀምጠው ሦስት ምዕራፍ ሲያወጉ ነው፤ ስጋቱ ይበርዳል። መፍትሔው ጨዋታቸውን መሰረዝ ሳይሆን ስጋቱን እዚያው ማስገባት ነው፦ ሌሊቱን ውሃ ስትመልስ ያደረችው ልጅ፣ እየሳቀች ልትጠራው አፏን ትክፈትና ስሙ ለአፍታ ይዘግይባት።