ከደሴ የሚጻፍ ጦማር፦ የግል ገጽ አያያዝና አንባቢ ፍለጋ በወሎ

«ጦማር» በግዕዝ ደብዳቤ ወይም የተጻፈ መልእክት ማለት ነው። ቃሉ «ብሎግ» ለሚባለው የግል ድረ ገጽ መጠሪያ ሲሆን ብዙ ሰው አዲስ የተፈጠረ መስሎት ነበር፤ የግዕዝ ተማሪዎች ግን ከጥንት ያውቁታል። ደብዳቤ ጸሐፊ፣ ተቀባይ፣ አድራሻና አድራሽ ያስፈልገዋል። የግል ጦማርም እንደዚሁ ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ ለሚጽፍ ሰው መጻፉ አይከብደውም፤ ጣጣው ያለው አድራሻውና አድራሹ ላይ ነው።

አነሳሱ

ብሎገር የተባለው ነጻ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1999 ፓይራ ላብስ በሚባል አነስተኛ የአሜሪካ ኩባንያ ተጀመረ፤ በ2003 ጉግል ገዛው። ሌላው የጦማር መክፈቻ፣ ወርድፕረስ፣ የወጣው በዚያው በ2003 ነው። ለእኛ ግን ከሁለቱም የሚበልጠው ሌላ ነገር ነው፤ የግዕዝ ፊደል ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደል መለያ፣ በዩኒኮድ 3.0፣ ውስጥ የገባው ብሎገር በተወለደበት በ1999 ነበር። ከዚያ በፊት አንድ የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒውተር የሚነበበው ጸሐፊው የተጠቀመበት የፊደል ቅርጽ (ፎንት) አንባቢውም ዘንድ ሲኖር ብቻ ነበር። ከሌለ ገጹ ላይ የሚታየው የነጥብ፣ የሰረዝና የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው።

በአገር ውስጥ ታሪኩ የተረጋጋ አልነበረም። ከግንቦት 1998 ዓ.ም. ወዲህ በብሎገር ላይ የተከፈቱ ገጾች ከኢትዮጵያ የማይታዩባቸው ጊዜያት ነበሩ። «ጦማሪ» የሚለው ቃል በየቤቱ የታወቀው «ስለሚያገባን እንጦምራለን» ይሉ በነበሩት የዞን ዘጠኝ ጸሐፊዎች ምክንያት ነው፤ ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ታሰሩ። መንግሥት በ264 ድረ ገጾች ላይ የነበረውን እገዳ ማንሳቱን ያስታወቀው በሰኔ 2010 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ጊዜ ደግሞ አንባቢው አብዛኛውን ጊዜውን ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ማሳለፍ ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ጦማር የሚከፍት ሰው «ጊዜው አልፎበታል» የሚል ምክር ሳይሰማ አይቀርም። ምክሩ ግማሽ እውነት ነው። ፌስቡክ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ በሳምንቱ ተቀብሮ ይቀራል፤ ጦማር ላይ ያለው ግን ከአምስት ዓመት በኋላም ፈላጊ ያገኘዋል።

ተቀባዩ ማን ነው

ከደሴ የሚጻፍ ጦማር አንባቢው ደሴ ውስጥ ብቻ ያለ ይመስላል። ፒያሳ ያለው ሰው ግን ፒያሳን ለማየት ስልክ አይከፍትም። ከወሎ ወደ አዲስ አበባ የገባው፣ ጅዳና ዱባይ ሠርቶ ለቤተሰቡ የሚልከው፣ ዋሽንግተን የተቀመጠው ነው «ያ ሰፈር አሁን ምን ይመስላል?» ብሎ የሚፈልገው። ይህን መረዳት የሚጻፈውን ብቻ ሳይሆን የሚለጠፍበትን ሰዓት ጭምር ይወስናል። ጅዳና ሪያድ ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ናቸው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች፤ ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ የወጣ ጽሑፍ የባሕረ ሰላጤውን አንባቢ ከሥራ መልስ፣ የአሜሪካውን ደግሞ ከምሳው ላይ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ተቀባይ እንግዳው ነው፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪ፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ያገኘ፣ ለሠርግ የሚመጣ። እነዚህ የሚፈልጉት ትዝታ አይደለም። የቤት ኪራይ፣ መናኸሪያው፣ ብርዱ ምን ያህል ልብስ እንደሚጠይቅ ነው የሚያሳስባቸው። እንዲህ ያለ ደረቅ ጽሑፍ ከግጥሙ ሁሉ የበለጠ ሲነበብ ጸሐፊው ቅር ሊለው ይችላል፤ ግን ነገሩ እንደዚያ ነው።

ምን ይጻፋል

ስለ ጤና፣ ስለ ስኬት፣ ስለ ቴክኖሎጂ ዜና የሚጽፍ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለ፤ ከእነሱ ጋር ከደሴ ሆኖ መፎካከር ድካም ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ መንገድ ግን የራሱ ጽሑፍ ይወጣዋል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ትቀመጣለች፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደው የሚያገኟት ኮምቦልቻ ከ2,000 ሜትር በታች ናት። ሚኒባሱ ከደሴ ሲነሳ ጉም ነው፤ ሹፌሩ በቀን መብራት አብርቶ ይወርዳል። አንዱ መስኮት ቢከፍት «ኧረ ዝጋው፣ ብርድ ሊያስመታን ነው!» የሚል ድምፅ ከኋላ ይመጣል። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ያው የተቆጣው ሰው ጋቢውን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥና መስኮቱን ራሱ ይከፍታል። ይህን አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚጽፍ የለም። በመንገዱ ያደገ የወሎ ልጅ ሪያድ ላይ ሲያነበው ደግሞ ለወንድሙ ሳይልከው አያድርም።

አገሩ ርእስ አያሳጣም። የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ አይጠየፍ፣ በ1870 ዓ.ም. ጉባኤ የተካሄደበት ቦሩ ሜዳ፣ የባቲ የሰኞ ገበያ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ትዝታና አምባሰል ቅኝቶች፣ መንዙማ። ችግሩ እነዚህ ሁሉ በአንድ ዓይነት አረፍተ ነገር ከገጽ ወደ ገጽ ሲገለበጡ መኖራቸው ነው። «ወሎ የፍቅር አገር» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ስንት ጊዜ ተነቧል! የተሻለው አንዷን ነገር ይዞ መቅረብ ነው። አይጠየፍን ለመግለጽ ከመሮጥ በሩ ላይ ቆሞ የዛሬ ጎብኚ ምን እንደሚጠይቅ፣ ሽማግሌዎች ስሙን እንዴት እንደሚያስረዱ መጻፍ ይበልጣል።

አረፍተ ነገሩ የሚፈተንበት ቦታ ደግሞ ቡና ነው። የተጻፈውን ቶና ሲቀዳ ለእናት ወይም ለጎረቤት ጮክ ብሎ ማንበብ፤ አድማጩ ጀበናው ላይ ዓይኑን ከጣለ አንቀጹ ረዝሟል።

አድራሻውና ፊደሉ

ብዙ አማርኛ ጸሐፊ የማያስተውለው፣ ግን ከሁሉ የሚጎዳው እዚህ ላይ ያለው ነው። በኢንተርኔት አድራሻ ውስጥ የግዕዝ ፊደል እንደ ወረደ አይሄድም፤ እያንዳንዱ ፊደል በሦስት ባይት ይመዘገብና በመቶኛ ምልክት ወደ ዘጠኝ የላቲን ምልክቶች ይለወጣል። «ደሴ» ብቻውን 18 ምልክት ይሆናል። «የአይጠየፍ አዳራሽ» አሥር ፊደል ስለሆነ 90 ይደርሳል። ወርድፕረስ የአማርኛውን ርእስ ለአድራሻ ይወስደዋል፤ ያንን አድራሻ ገልብጦ ቴሌግራም ላይ የለጠፈ ሰው ሦስት መስመር ሙሉ የመቶኛ ምልክት ሲወጣ አይቶ ይደነግጣል፤ ተቀባዩም ቫይረስ መስሎት አይነካውም። ብሎገር በበኩሉ አማርኛውን ጥሎ «ብሎግ ፖስት» የሚል አጠቃላይ ስምና ቁጥር ይሰጣል፤ እሱም ስለ ጽሑፉ ምንም አይናገርም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከማሳተም በፊት በቅንብሩ ውስጥ አድራሻውን በሁለት ሦስት የላቲን ቃላት በእጅ መጻፍ። ከታተመ በኋላ ቢለወጥ ቀድሞ የተሰራጨው አገናኝ ሊሰበር ስለሚችል ልምዱ ከመጀመሪያው ቀን ይያዝ።

የፊደል ሞክሼዎቹ ሌላ ጣጣ ናቸው። ከደሴ በስተሰሜን ያለችውን ከተማ አንዱ «ሐይቅ»፣ ሌላው «ሀይቅ»፣ ሦስተኛው «ሃይቅ» ብሎ ይፈልጋታል። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ በዩኒኮድ ግን የሦስቱ የመጀመሪያ ፊደል የተለያየ ቁጥር አለው። በርእሱ ላይ ትክክለኛውን አጻጻፍ አስቀምጦ ሰው የሚያዘወትረውን ሌላውን በፎቶ መግለጫ ውስጥ አንድ ጊዜ ማስገባት ይበጃል። የፊደል ሥርዓት የሚያከብር ሰው ይህ ሊያስከፋው ይችላል፤ እኔንም ያስከፋኛል፤ ግን በሩ ያለው ፈላጊው ባለበት በኩል ነው። በላቲን ፊደል የሚፈልገውም ጥቂት ስላልሆነ የቦታው ስም በዚያም አንድ ቦታ ይጻፍ።

ቅጥያዎቻችንም ይታሰቡ። «በደሴ»፣ «ከደሴ»፣ «የደሴ» ለፍለጋ ማሽን ሦስት ቃላት ናቸው። «የደሴ የሙዚየም ጉብኝት» ከሚል ርእስ ይልቅ «ደሴ፦ ሙዚየሙ ውስጥ አንድ ከሰዓት» የሚለው ራቁቱን ያለውን ስም ይሰጣል። ጽሑፍን በሚያምር ዳራ ላይ እንደ ፎቶ አድርጎ መለጠፍ ደግሞ የፍለጋ ዓይን እንዳያየው ጨርቅ እንደ መሸፈን ነው፤ ማየት የተሳናቸው የሚጠቀሙበት የንባብ መተግበሪያም ብዙ ጊዜ ያልፈዋል።

አድራሹ

በዚህ አገር ጦማርን ወደ አንባቢ የሚያደርሰው በዋናነት ቴሌግራም ነው። ራሱን የቻለ ቻናል ከፍቶ የጽሑፉን ርእስ፣ የመጀመሪያውን አንቀጽና አገናኙን ማስቀመጥ የተለመደው አካሄድ ነው። ሙሉውን እዚያው መለጠፍ ለአንባቢው ዳታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ገጹን ባዶ ቤት ያደርገዋል። አጭሩን ሙሉ፣ ረጅሙን ግማሽ ማድረግ ሁለቱን ያስታርቃል። ፎቶ ከሁለትና ከሦስት መቶ ኪሎባይት ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ የዕለት ጥቅል ገዝቶ የሚያነብ ሰው በአንድ የጦሳ ተራራ ፎቶ ሒሳቡ ሲያልቅ አይመለስም።

ፌስቡክ ላይ ያሉት የትውልድ ቀበሌና የትምህርት ቤት ቡድኖች ጥሩ መንገድ ናቸው፤ በተለይ እንደ ወይዘሮ ስሂን ያለ አንጋፋ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ስለ ትምህርት ቤቱ የተጻፈ አገኘ ማለት አስተያየት አይሰስትም። በየቡድኑ እየገቡ አገናኝ ጥሎ መውጣት ግን ሰላም ሳይሉ ሸቀጥ እንደ መዘርጋት ነው። መጀመሪያ የሌላውን ጽሑፍ አንብቦ ምላሽ የሚሰጥ ሰው የራሱን ሲያቀርብ ይደመጣል። ስድብ የያዘን አስተያየት ማጥፋት መብት ነው፤ ስህተትን የሚያርም አስተያየት ግን ከነ ምስጋናው ገጹ ላይ ይቆይ። የወሎ ሽማግሌ የዘር ሐረግ ሲያርም ብዙ ጊዜ ትክክል ነው።

በሁለት ጽሑፎች መካከል ያሉት ቀናት መብዛታቸው አንባቢን አያርቅም፤ የሚወጣበት ቀን አለመታወቁ እንጂ። በወር ሁለት ጊዜ የሚወጣ ከሆነ በወር ሁለት ጊዜ ይውጣ።

ገንዘብና ሕግ

ገጽ ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ ለባለገጹ የሚከፍለው የጉግል አድሴንስ ክፍያ የሚለቀቀው ሒሳቡ 100 ዶላር ሲሞላ ነው። ከዚያ በፊት፣ 10 ዶላር ላይ፣ አድራሻ ማረጋገጫ ቁጥር በወረቀት ደብዳቤ ይላካል። ደብዳቤ ቤት ድረስ በማይመጣበት አገር የፖስታ ሣጥን ቁጥር የሌለው ጸሐፊ እዚያው ላይ ይቆማል። ለአብዛኛው ሰው ከማስታወቂያው ይልቅ ጦማሩ የሚያስገኘው የጽሑፍ፣ የፎቶና የትርጉም ሥራ ይሻላል። ሆቴል ወይም ሱቅ ከፍሎ ያስጻፈው ጽሑፍ ከሆነ «ማስታወቂያ» ተብሎ ይጻፍበት።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድን ወጥ ሥራ ያለ ምዝገባ፣ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ጽሑፉ ስሙ ተፍቆ ሌላ ገጽ ላይ የተገኘበት ሰው መብት አለው፤ የሌላውን ፎቶ ያለ ፈቃድ የወሰደም ተጠያቂ ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ሐሰተኛ መረጃው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱን ያከብዳል። ቻናሉ ያደገለት ሰው ያልተጣራ ወሬ ሲያስተላልፍ ይህን ያስብ። ኬላና ወታደራዊ ቦታ ፎቶ አለማንሳት፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ካሜራ ከማውጣት በፊት ማስፈቀድ ሳይነገር የሚታወቅ ነው።

መስመሩ ሲቋረጥ

ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ እስከ ኅዳር መጨረሻ በጦርነቱ ሥር ሲያልፉ፣ በኋላም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ሲዘጋ፣ ከዚህ የሚጻፍ ገጽ ሁሉ ዝም ከማለት ሌላ አማራጭ አልነበረውም። መብራትም በራሱ ቀን ይሄዳል። ስለዚህ ረቂቅ በስልክ ማስታወሻ ወይም በደብተር መያዝ፣ ጦማሩን በየወሩ ሙሉ በሙሉ አውርዶ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ቅንጦት አይደለም፤ ብሎገር ይህን በነጻ ይፈቅዳል። ወደ ገጹ ለመግባት በስልክ መልእክት የሚመጣ ማረጋገጫ ኔትወርክ ሲጠፋ አይመጣም። ጉግል አሥር የመጠባበቂያ ቁጥሮች ይሰጣል፤ እነሱን በወረቀት ገልብጦ ከመታወቂያ ጋር ማኖር ነው።

መስመሩ ሲመለስ የተጠራቀመውን በአንድ ቀን ማፍሰስ ያጓጓል። ቀን በቀን አንዳንዱን ማውጣት ይሻላል፤ በእያንዳንዱ አናት ላይም የተጻፈበት ቀን በእኛ አቆጣጠር ይስፈር። ገጹ በራሱ የሚያሳየው የተለጠፈበትን ቀን ነው፤ እሱም በፈረንጅ።