ከሰርቪስ በኋላ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ልኬት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዘይት የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሲቀዘቅዝ ነው»

ለሞተር ዘይት ያስኬዳል፤ ለካምቢዮ ግን አያስኬድም። የካምቢዮ ዘይት ሲሞቅ ስለሚሰፋ ትክክለኛው ንባብ የሚገኘው ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው። በአሮጌ ቶዮታዎች መለኪያ ላይ ሁለት ክልል አለ፤ የታችኛው ለቀዝቃዛ፣ የላይኛው ለሙቅ። የታችኛው መኪናው ከጋራዥ ለመውጣት የሚበቃው ዘይት እንዳለው ማያ ብቻ ነው፤ እሱም ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ላለ ዘይት የተሠራ ነው። የደብረ ብርሃን የኅዳር ንጋት ደግሞ ከዚያ በጣም ይርቃል። በዚያ ብርድ እስከ ላይኛው ምልክት የሞላ ሰው ሸዋ ሮቢት የሚወርደው ትርፍ ዘይት ይዞ ነው። ወደ ጫጫ በኩል ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነድቶ ተመልሶ መለካት ይሻላል።

«ሞተሩ ይጥፋና ይለካ»

ሞተሩ ሲጠፋ ከቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው ከሚያስተላልፈው ክፍል) የሚመለሰው ዘይት ኮፓው (ከካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ስለሚጠራቀም የጎደለው ሙሉ ይመስላል። በአብዛኞቹ አሮጌ ቶዮታዎች አለካኩ እንዲህ ነው፦ መኪናውን ሜዳ ላይ ማቆም፣ የእጅ ፍሬን መሳብ፣ ፍሬን ረግጦ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል በየቦታው ትንሽ እያቆዩ አሳልፎ ወደ ፒ መመለስ፣ ከዚያ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ መለኪያውን አውጥቶ መጥረግ፣ እስከ መጨረሻው መልሶ አስገብቶ ማንበብ። ሁለቱ ጎኖች ከተለያዩ ዝቅ ያለው ይያዛል፤ ከፍ ያለው ቱቦው ላይ የቀረ ዘይት ያረጠበው ነው። መጥረጊያው ክር የማይለቅ ጨርቅ ይሁን። የካምቢዮው ቫልቮች በጣም ጠባብ ናቸው፣ ብናኝ አይወዱም።

ሆንዳ ላይ ሥርዓቱ ይለያል። መለኪያ ባላቸው አሮጌ ሆንዳዎች ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ይጠፋል፤ ንባቡም ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ ይወሰዳል።

«ከሚያንስ ይትረፍ»

ትርፉም እንደ ጉድለቱ ይጎዳል። ዘይቱ የሚሽከረከሩት ክፍሎች ላይ ሲደርስ እየተመታ አረፋ ይሆናል። ፓምፑ አየር የተቀላቀለበት ዘይት ሲገፋ ግፊቱ ይወርዳል፣ ክላቹ ይንሸራተታል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፤ አንዳንዴም በመተንፈሻው ይተፋል። ሲጎድልም ፓምፑ አየር ስለሚስብ ምልክቱ ይመሳሰላል፦ ዲ ሲገባ መኪናው ይዘገያል፣ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አይጎትትም። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር ሲወጣ ይህ ቶሎ ይጋለጣል። ስለዚህ የሚንሸራተት መኪና ላይ ሳይለኩ ዘይት መጨመር አይገባም።

«ካምቢዮው 7 ሊትር ይይዛል ከተባለ 7 ይገባል»

ያ ቁጥር ለባዶ ካምቢዮ ነው። ኮፓው ሲፈስ ከአሮጌ ኮሮላ የሚወጣው 3 ሊትር ገደማ ነው፤ ቀሪው ኮንቨርተሩና ቱቦዎቹ ውስጥ ይቀራል። የወጣውን ምልክት ባለው ዕቃ ለክቶ ያንኑ ያህል መመለስ፣ ከዚያ ሲሞቅ ከሩብ ሊትር ባልበለጠ እየጨመሩ ማስተካከል ነው። የማፍሰሻ ቡሎኑ ተከፍቶ ሳይለካ ዘይቱ መሬት ላይ ከፈሰሰ ሥራው ወደ ግምት ዞሯል።

«ቀይ ከሆነ ሁሉም አንድ ነው»

አይደለም። ዴክስሮን፣ ቲ-4 እና ኤስፒ-3 የተባሉት የካምቢዮ ዘይት ዓይነቶች ሁሉም ቀይ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሲቪቲ (በደረጃ የተከፈለ ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ ካምቢዮ) ዘይት ደግሞ ሌላ ነው። በብዙ መኪኖች ዓይነቱ መለኪያው ላይ ተጽፏል።

«ትንሽ በትንሽ ይቃጠላል፣ መቀነሱ የተለመደ ነው»

የሚቃጠለው የሞተር ዘይት ነው። የካምቢዮው ከቀነሰ በአብዛኛው ፈስሷል፤ ከሰርቪስ በኋላ መጀመሪያ የሚታየው የኮፓው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው፣ ቀጥሎ የማቀዝቀዣው ቱቦዎች። መለኪያው ላይ ወተት የመሰለ ሮዝ ከታየ ግን የራዲያተሩ ውኃ ገብቷል፤ መኪናው አይነዳም።