በወሎ ማሳ የሚገኝ የድንጋይ ክምርና የጥንት መቃብር

የመቃብር ጉብታ በሟች ላይ ድንጋይ ወይም አፈር ተከምሮ የሚሠራ መቃብር ነው። ሰው እህል መዝራትና ከብት ማርባት ከለመደበት ከአዲሱ የድንጋይ ዘመን ጀምሮ በብዙ አገር ተሠርቷል። በአየርላንድ ያለው ኒውግሬንጅ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ገደማ የተሠራ ሲሆን፣ መግቢያው የተገኘው በ1699 እ.ኤ.አ. የመሬቱ ባለቤት ለመንገድ የሚሆን ድንጋይ ሲያስለቅም ነው። በፈረንሳይ ያለው ባርኔኔዝም በ1955 እ.ኤ.አ. ድንጋይ ፈላጊዎች ከፊሉን ሲቆርሱት የውስጡ ክፍሎች ታዩ።

ወሎ ላይም የሚያሰጋው ይኸው የድንጋይ ፍለጋ ነው። በጥር የተፋሰስ ሥራ ሲጀመር፣ ለእርከኑ ካብ ቀድሞ የሚነሣው በማሳው ዳር የተቆለለው ድንጋይ ነው። አብዛኛው ቁልል ገበሬው ከእርሻው ለቅሞ የጣለው ስለሆነ ቢነሣ ጉዳት የለውም። መቃብር ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ክብ ነው፤ ዙሪያውን ትልልቅ ድንጋይ ይከበዋል። በዓይን ብቻ ግን መቁረጥ አይቻልም።

ዕድሜውን መገመትማ ይበልጥ ይከብዳል። ጥንታዊ የድንጋይ ክምር ሁሉ የአዲሱ የድንጋይ ዘመን አይደለም። በጎረቤት መንዝ ተመራማሪዎች የቆፈሯቸው ጉብታዎች ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የተሠሩ ናቸው። ተመራማሪዎቹ «የሻይ ባህል» ብለው የሰየሙት ይህ ማኅበረሰብ ክርስቲያንም ሙስሊምም አልነበረም፤ ሙታኑን ከመስታወት ዶቃ፣ ከብረት ዕቃና ከሸክላ ጋር ይቀብር ነበር። በሐረርጌ ጨርጨር ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ ሁለተኛው ሺህ ዓመት የሚወስዱ የድንጋይ መቃብሮች አሉ። በሰሜን ኬንያ ቱርካና ሐይቅ አጠገብ ሎታጋም በተባለው ስፍራ ከብት አርቢዎች ከ5000 ዓመት ገደማ በፊት የሠሩት የጋራ መቃብር ተገኝቷል፤ 580 ያህል ሰዎች እንደተቀበሩበት ይገመታል።

ስለዚህ ወሎ ውስጥ አንድ ክምር ቢገለጥ የሺህ ዓመትም የአራት ሺህ ዓመትም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ከሥሩ የሚገኘው ከሰል፣ አጥንትና ገል ነው፤ ያውም ከተቀበረበት ሳይነቃነቅ ሲገኝ። ዶቃው ተለቅሞ ኪስ ከገባ፣ ከማን አንገት እንደነበረና በየትኛው ወገን እንደተቀመጠ የሚናገር የለም። ይህ ለእኔ ከስርቆት አያንስም፤ ልጆች በየዋህነት ቢያደርጉትም ጥፋቱ ያው ነው።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በማዕድን ፍለጋ፣ በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣን እንዲያሳውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ እንዳለ ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል። በደላንታ ወገል ጤና ኦፓል የሚያወጣ ወጣትም ሆነ በለጋምቦ እርከን የሚክብ ገበሬ እኩል ይመለከተዋል። ለገጠሩ ሰው ቅርቡ በር የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው። ባለሙያ እስኪደርስ ጉድጓዱን መልሶ በአፈር መሸፈን፣ ከብት እንዳይረግጠውም ዙሪያውን በእሾህ ማጠር ይበቃል።