በአዲስ አበባ ዳርቻ ከመልማዮች ጋር የሚዘልቅ ትውውቅ

መልማይ ለድርጅት ሠራተኛ የሚያፈላልግ፣ ማመልከቻ የሚለይና አመልካቾችን ለፈተና የሚጠራ ሰው ነው። በፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ተቀጥሮ የሚሠራ አለ፤ ፈቃድ ባለው አገናኝ ኤጀንሲ የሚሠራም አለ፤ በየሰፈሩ መጋጠሚያ አሠሪና ሠራተኛ የሚያገናኘው ደላላም በተግባሩ ከዚሁ ወገን ይመደባል። ብዙ ሰው እነዚህን ሰዎች የሚያስታውሳቸው ሥራ ሲያጣ ነው። ሲቪ ይሰጣል፣ ስልኩን እያየ ይሰነብታል፣ ሥራ ሲያገኝ ደግሞ ነገሩ በዚያው ይቀራል። አንዳንዱ ግን ሥራ ላይ እያለም ትውውቁን አያቋርጥም። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የት መድረስ እንደሚፈልግ ለመልማዩ ይነግረዋል፤ ገበያው ምን ዓይነት ሰው እየጠየቀ እንደሆነም ከእሱ ይሰማል። በአዲስ አበባ ዳርቻ ይህ ልማድ የራሱ መልክ ይዟል፤ እዚያ ሥራ፣ መኖሪያና መንገድ ተለያይተው አይታሰቡምና።

ፋብሪካውና ኮንዶሚኒየሙ

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር ያለፈባት አቃቂ ከከተማዋ ቀደምት የፋብሪካ ሰፈሮች አንዷ ናት። ዛሬ የፋብሪካው ቀለበት ከዚያ ብዙ ሰፍቷል። በደቡብ ከቃሊቲና ከአቃቂ ተነስቶ በገላን በኩል እስከ ዱከም ይዘልቃል፤ ዱከም ላይ በቻይናውያን ባለሀብቶች የተቋቋመው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን አለ። ቂሊንጦ ለመድኃኒት አምራቾች የታሰበ ፓርክ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም በዚያው አቅጣጫ ይገኛል። በምሥራቅ መንግሥት ከገነባቸው የኢንዱስትሪ ፓርኮች ቀዳሚ የሆነው ቦሌ ለሚ አለ። በምዕራብ ሰበታ በቢራ ፋብሪካዋ የቆየ ስም አላት፤ ከሰበታ እስከ ሆለታ ባለው አካባቢ የአበባ እርሻዎች ተዘርግተዋል። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል።

በዚሁ ቀለበት ላይ ጀሞ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶን የመሳሰሉ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ተነሥተዋል። ከመሀል ከተማ ወጥቶ ዳርቻ የገባው ነዋሪ ዕጣው ሲወጣለት ቤት አገኘ፤ የቀድሞ ሥራው ግን ሁለት ታክሲ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ አያትንና ቃሊቲን ከመሀል ከተማ ቢያገናኝም ከእነዚህ መንደሮች አብዛኞቹ ከመስመሩ ርቀው ቀርተዋል።

ለዚህ ነው የዳርቻ መልማይ ከትምህርት ማስረጃ ቀድሞ «የት ነው የምትኖሪው?» የሚለው። ጥያቄው የወሬ መክፈቻ አይደለም። የፋብሪካው ሰርቪስ የሚያልፍበት መስመር የታወቀ ነው፤ የጠዋቱ ፈረቃ ከነጋ ብዙ ሳይቆይ ይገባል፤ የማታው ሲወጣ ታክሲ ይሳሳል። አያት የምትኖር ልጅ ገላን ብትቀጠር ሥራውን ብትወደውም በመንገዱ ተሰላችታ ልትለቅ እንደምትችል መልማዩ ከልምድ ያውቃል። ስለዚህ ቤት የቀየረ ሰው አድራሻውን ለሚያውቃቸው መልማዮች ማሳወቁ አዲስ የምስክር ወረቀት የመላክን ያህል ክብደት አለው። ይህን የሚያደርግ ግን ጥቂት ነው። በመልማዩ መዝገብ ብዙ ሰው ገና በልጅነት ሰፈሩ ይኖራል።

ሦስቱ በሮች

ደላላው ከሁሉ የቀረበው ነው። የቤት ሠራተኛ፣ ጥበቃ፣ አስተናጋጅ፣ የቀን ሠራተኛ በእሱ በኩል ያልፋል። ትውውቁ የሚቆመው በቃል ነው። ኮሚሽን ይቀበላል፣ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ወገን። ሠራተኛው ቶሎ ወጥቶ ሌላ ቦታ ሲገባ እንደገና ስለሚከፈለው፣ ሰው አንድ ቦታ ረግቶ እንዲያድግ የሚያስገድደው ጥቅም የለውም። በእኔ ግምት የረጅም ጊዜ ዕቅድ ለያዘ ሰው የደላላ ትውውቅ ለመነሻ ይሆናል እንጂ ሩቅ አያደርስም።

ኤጀንሲ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አሠሪና ሠራተኛን አገናኝቶ ከመሀል ይወጣል። ሌላው ሠራተኛውን በራሱ ስም ቀጥሮ ለባንክ፣ ለፋብሪካ ወይም ለመሥሪያ ቤት ያሰማራል፤ ሰው «በአውትሶርስ ተቀጠርኩ» የሚለው ይህን ነው። ልዩነቱን አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል። በሁለተኛው መንገድ የገባ የጥበቃ ወይም የጽዳት ሠራተኛ የሥራ ውሉ ከኤጀንሲው ጋር ነው፤ የዓመት ፈቃዱንና ጡረታውን የሚጠይቀውም እዚያ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መሠረት ከሠራተኛው ደሞዝ 7 በመቶ ተቀንሶ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል። መዋጮው በትክክል እየገባ መሆኑን በየጊዜው የሚጠይቅ ሠራተኛ፣ ኤጀንሲው ከሌሎቹ ለይቶ የሚያውቀው ይሆናል፤ ይህም በጎ መታወቅ ነው።

ሦስተኛው በር የፋብሪካው የሰው ኃይል ክፍል ነው። ማስታወቂያው በበር ላይ ይለጠፋል፣ በሪፖርተርና በአዲስ ዘመን ይወጣል፣ በኢትዮጆብስና በቴሌግራም ቻናሎች ይሰራጫል። ነገር ግን ቦታው ከመለጠፉ በፊት መልማዩ ቀድሞ የፈተናቸውን ሰዎች ስም ዝርዝር ማየቱ የተለመደ ነው። ፈተና ወስደው በጥቂት ነጥብ ያለፉትንና ያላለፉትን ያስታውሳል፤ ተጠባባቂ ተብለው የተያዙትን ያነሳል። ቦታውን ያላገኘ ሰው «አመሰግናለሁ፣ ለሌላ ጊዜ አስቡኝ» ብሎ በትሕትና ከወጣ፣ ያ ቀን ከተሳካ ቅጥር ባልተናነሰ የትውውቅ መጀመሪያ ይሆናል።

መልማዩ የማን ሰው ነው

ብዙ ቅሬታ የሚወለደው ይህን ካለማስተዋል ነው። መልማይ ደሞዙን የሚያገኘው ከአሠሪው ስለሆነ የሥራ ፈላጊው ጠበቃ ሊሆን አይችልም። ያም ሆኖ ጥቅማቸው የሚገጥምበት ቦታ አለ። በእሱ በኩል የገባ ሠራተኛ በወሩ ከጠፋ አለቃው የሚጠይቀው እሱን ነው። በዳርቻው ፋብሪካዎች የሠራተኛ መልቀቅ የከረመ ራስ ምታት ነው፤ ለመስቀልና ለፋሲካ አገር ቤት ሄዶ ሳይመለስ የሚቀር ስለሚኖር ከበዓል ማግስት መልማዩ ሰው ፍለጋ ይሯሯጣል። ስለዚህ የሚረጋ ሠራተኛ ለእሱም ሀብት ነው።

እንዲህ ከሆነ እውነቱን መንገር ያዋጣል። የሌሊት ፈረቃ የማትችል እናት አስቀድማ ትናገር። ኬሚካል የሚነካው ሥራ የማይስማማው ሰው ይናገር። ለጊዜው አንድ ዕድል ይዘጋ ይሆናል፤ በምትኩ መልማዩ በሚቀጥለው ጊዜ የሚስማማ ቦታ ሲመጣ ማንን መጥራት እንዳለበት ያውቃል። በደሞዝም እንዲሁ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደሞዝ ቦርድ እንዲኖር ቢያመለክትም ፋብሪካዎች መነሻ ደሞዛቸውን ለየራሳቸው ሲተምኑ ቆይተዋል፤ ማስታወቂያውም «ደሞዝ፦ በስምምነት» ብሎ ያልፋል። ዋጋውን የሚያውቀው መልማዩ ነው። ለዓመታት የሚተዋወቀውን ሰው «ለዚህ የሥራ መደብ አሁን ስንት እየተከፈለ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ብዙዎቹም በግልጽ ይመልሳሉ።

ክፍያን በተመለከተ ሕጉ የጠራ ነው። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 የግል አገናኝ ኤጀንሲዎች ከሠራተኛ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። የመመዝገቢያ፣ የፎርም፣ የሥልጠና እየተባለ ገንዘብ የሚጠየቅ ሰው ያለበት ቦታ ትክክለኛ እንዳልሆነ ይወቅ። ኦሪጅናል ማስረጃንም አሳይቶ ኮፒውን መስጠት እንጂ ትቶ መሄድ አይገባም። ዲግሪው ወይም የስምንተኛ ክፍል ካርዱ በሌላ ሰው መሳቢያ ያለ ሠራተኛ የተሻለ ሥራ ቢያገኝ እንኳ መነቃነቅ ይቸግረዋል።

ትውውቁ እንዴት ይያዛል

የዳርቻው የቅጥር ዓመት የራሱ ወቅት አለው። በሐምሌ የመንግሥትና የብዙ ድርጅቶች የበጀት ዓመት ይጀምራል፤ አዳዲስ ተመራቂዎችም በዚያው ሰሞን ገበያውን ያጥለቀልቁታል። የአበባ እርሻዎች በየካቲት መጀመሪያ ለሚውለው የአውሮፓውያን የፍቅረኞች ቀን ስለሚዘጋጁ ከዚያ ቀደም ባሉት ሳምንታት ተጨማሪ እጅ ይሻሉ። ክረምት ለግንባታ ቀዝቃዛ ነው። ይህን አውቆ መልእክትን ከጥድፊያው ቀድሞ ማድረስ ይጠቅማል።

መልእክቱ አጭር፣ ማንነትን የሚያስታውስና አዲስ ነገር ያለው ይሁን። ለምሳሌ፦ «ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ። ባለፈው ዓመት በጥራት ቁጥጥር ተፈትኜ በተጠባባቂነት የተያዝኩ ነኝ። አሁን በስፌት ክፍል የመስመር ኃላፊ ሆኛለሁ፤ መኖሪያዬም ወደ ቦሌ አራብሳ ተዛውሯል። ለጊዜው ሥራ እየፈለግኩ አይደለም፤ መረጃዬ እንዲታደስ ብዬ ነው። መልካም የሥራ ቀን ይሁንልዎ።» ከዚህ በላይ ማብዛት አያስፈልግም። መልማዩ በዕድሜ እኩያ ቢሆን እንኳ መጀመሪያ አንቱ ማለት ይመረጣል፤ «አንተ በለኝ» ካለ ያኔ ይቀየራል። በዘመን መለወጫ፣ በገና ወይም በዒድ የሚላክ እንኳን አደረሰዎ ደግሞ ምንም ሳይጠይቁ ስምን የማስታወሻ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ለሁሉም ሰው የሚላከውን ምስል ከማስተላለፍ በራስ ቃል ሁለት መስመር መጻፍ ይበልጣል።

ትውውቁን ከምንም በላይ የሚያበላሸው ለፈተና ተጠርቶ መቅረት ነው። ሐሳብን መቀየር መብት ነው፤ ደውሎ «አልመጣም፣ ይቅርታ» ማለት ግን ግዴታ ሊሆን ይገባል። በተቃራኒው ለራሱ የማይሆነውን ቦታ ለጎረቤቱ የጠቆመ ሰው ይታወሳል። ቱሉ ዲምቱ ያለ ኤሌክትሪሻን ለመልማዩ ጥሩ ብየዳ ሠራተኛ ቢጠቁምና ሰውየው ቢሳካለት፣ መልማዩ ጠቋሚውንም አይረሳም። ሆኖም የማያውቁትን ሰው በይሉኝታ መጠቆም ስምን ያስይዛል። ለገንዘብ ያዥ፣ ለሾፌርና ለንብረት ጠባቂ ተያዥ መጠየቅ የተለመደ በመሆኑ የዳርቻው ሰው ዋስትና ምን ያህል እንደሚከብድ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጥቆማም ወረቀት የሌለው ዋስትና ነው።

ለረጅም ዕቅድ የሚጠቅሙት ጥያቄዎች «ክፍት ቦታ አለ?» ከሚለው ያለፉ ናቸው። ከማሽን ኦፕሬተርነት ወደ መስመር ኃላፊነት፣ ከዚያ ወደ ሱፐርቫይዘርነት ለማለፍ ድርጅቶች ምን ይጠይቃሉ? የብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ የሚባለው፣ ለየትኛው ደረጃ የግድ ነው? የማታ ዲፕሎማ ይሻላል ወይስ የኮምፒውተር ሥልጠና? በሸገር ከተማ ክልል ላሉ ቦታዎች ከአማርኛ ጋር አፋን ኦሮሞ መቻል ትልቅ ብልጫ ነው፤ ይህን የሚችሉ ሰዎች ሲቪያቸው ላይ ሳይጽፉት መቅረታቸው ያሳዝናል። ከአንድ ዘርፍ በላይ የሚያይ መልማይ ማወቅም ይበጃል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ዕድል፣ ከአጎአ፣ ስትወጣ ወደዚያ ገበያ የሚልኩ ልብስ ሰፊዎች ተጎድተዋል። እንዲህ ያለ ጊዜ ሙሉ ተስፋውን በስፌት መስመር ላይ የጣለች ሠራተኛ፣ ሙያዋ በጫማ፣ በማሸጊያ ወይም በመድኃኒት ፋብሪካ የጥራት ክፍል እንደሚፈለግ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል።

ትውውቅና ዝምድና

የቅጥር ነገር ሲነሳ «ዘመድ ከሌለህ አይሆንም» የሚለው ምሬት አብሮ ይነሳል፤ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ከመልማይ ጋር የሚያዝ ትውውቅ ግን ከዚህ የሚለየው በምን እንደሚታወስ ነው። ዘመድ የሚታወስበት በደሙ ነው፤ ያኛው በፈተና ውጤቱ፣ በሰዓት አክባሪነቱ፣ በቀድሞ ሥራው። ስጦታ የገባበት ዕለት ልዩነቱ ይጠፋል። የበዓል ሰላምታ ባህል ነው፤ ከቅጥር በፊት የሚላክ ገንዘብ ወይም ዕቃ ጉቦ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሴቶች ደግሞ ከዚህ የባሰ ያጋጥማቸዋል። «ውጪ ተገናኝተን እንነጋገር» የሚል መልማይ ትውውቅ እየፈለገ አይደለም። ቃለ መጠይቅ በሥራ ሰዓት፣ በቢሮ ይደረጋል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም ጾታዊ ትንኮሳን ይከለክላል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ቆርጦ መተውና ለድርጅቱ ኃላፊ ማሳወቅ ተገቢ ነው።

ሲለቁም

ሥራ የሚለቀቅበት መንገድ ለሚቀጥለው መልማይ ይደርሳል፤ የገላንና የቃሊቲ የሰው ኃይል ባለሙያዎች እርስ በርስ ይደዋወላሉ። የሙከራ ጊዜው ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው። ያንን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ አሠሪው ደግሞ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደሞዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ ሊሰጠው ይገባል። ማስረጃውን ሥራ ላይ እያሉም መጠየቅ ይቻላል፤ ድርጅቱ ሲዘጋ ወይም ባለቤት ሲቀይር ወረቀቱን የሚፈርም ሰው ማግኘት ስለሚከብድ ቀደም ብሎ ማውጣት ይሻላል።

መልማዮቹ ራሳቸውም ይለቃሉ። ዘንድሮ ቦሌ ለሚ የነበረችው ለከርሞ ዱከም ወይም ሰበታ ትገኝ ይሆናል፤ የድርጅቱ የጠረጴዛ ስልክ ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ፈቃዷን ጠይቆ የግል ስልኳን ወይም የሊንክድኢን ገጿን መያዝ ያስፈልጋል። ወደ አዲስ ድርጅት የገባች መልማይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ክፍት ቦታዎችን የምትሞላባቸው የምታውቃቸው ሰዎች ያስፈልጓታል፤ የታደሰ ሲቪ ለመላክ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም።