ወንዝ ራሱን ያጠራል? ስለ ፍሳሽ ማጣሪያ የሚባለውና እውነታው

የአንዲት ትንሽ ከተማ ፍሳሽ መጨረሻው የት ነው ቢባል መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፦ ወንዝ። ወይ ተጣርቶ፣ ወይ እንዳለ። በዚህ ጉዳይ ላይ ደጋግመው የሚነሱ አባባሎች አሉ። ግማሽ እውነት ስላለባቸው ነው ከጭንቅላት ለመንቀል የሚያስቸግሩት።

«ወራጅ ውሃ ራሱን ያጠራል»

ያጠራል፣ ልክ ነው። ግን የሚከፍለው ነገር አለ። ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱም ሲበሉ ይተነፍሳሉ፤ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ።

ሂሳቡን እንየው። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን 9 ሚሊግራም ገደማ ነው። አንድ ሊትር ያልተጣራ የቤት ፍሳሽ ደግሞ በአምስት ቀን ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም ይፈልጋል። ከሃያ እስከ ሰላሳ ሊትር ገደማ ንጹህ ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ጠራርጎ ይወስዳል ማለት ነው። ወንዙ ከአየር መልሶ ይስባል፣ ግን ቀስ ብሎ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ፍሳሹ ወንዙን በሚቀላቀልበት ቦታ ላይ ቆሞ ዓሣ ያያል፤ «ይኸው፣ ምንም አልሆነም» ይላል። ኦክስጅኑ በጣም የሚያሽቆለቁለው ግን እዚያ አይደለም፣ ወደ ታች ወረድ ብሎ ነው። ስትሪተርና ፌልፕስ የተባሉ ተመራማሪዎች በኦሃዮ ወንዝ ላይ ሠርተው ይህንኑ በ1925 እ.ኤ.አ. በቀመር አስቀምጠውታል። ውሃው ሲያንስና ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል፤ ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው።

«ማጣሪያ ጣቢያ ማለት ትልቅ ወንፊትና ኬሚካል ነው»

ወንፊቱ የሚይዘው ጨርቅና ፕላስቲክ ነው። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት እነዚያው የወንዙ ባክቴሪያዎች ናቸው። ልዩነቱ ገንዳ ውስጥ አየር እየተነፋላቸው መብላታቸው ነው። ዘዴው በ1914 እ.ኤ.አ. ማንቸስተር ውስጥ ይፋ ከሆነ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም።

ሠራተኛው ገንዳው ደህና መሆኑን የሚያይበት ቀላል ሙከራ አለ። አንድ ሊትር ይቀዳና በመስታወት ዕቃ ያስቀምጠዋል። መጀመሪያ ጭቃ ይመስላል። ትንሽ ቆይቶ ብናኙ እርስ በርሱ እየተያያዘ እንደ ጥጥ ብጥስጣሽ ይሆናል፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ከታች ቡናማ ዝቃጭ፣ ከላይ ጥርት ያለ ውሃ። አልወርድም ካለ አንድ የተበላሸ ነገር አለ። እኔ ከብዙ ሪፖርት ይልቅ ይህቺን ብልቃጥ አምናለሁ።

«ጥርት ካለ ንጹህ ነው»

አይደለም። አሞኒያ አይታይም፣ ዓሣ ግን ይገድላል። ናይትሮጅንና ፎስፎረስም አይታዩም፤ አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ ነገር አብዝተው ውሃውን ሲያለብሱት ነው የሚታወቀው። ጀርም ላይማ «99 በመቶ ተወግዷል» የሚለው ቁጥር ራሱ ያሳስታል። 100 ሚሊሊትር ውስጥ 10 ሚሊዮን ከነበረ፣ ከ99 በመቶው በኋላም 100 ሺህ ይቀራል። ክሎሪን ወይም የአልትራቫዮሌት ብርሃን መጨረሻ ላይ የሚመጣው ለዚህ ነው።

«ሽታ ካለ ጣቢያው ሞቷል»

የግድ አይደለም። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ኦክስጅን በሌለበት የሚፈጠር ጋዝ ነው፤ ብዙ ጊዜ ገና መንገድ ላይ፣ ቱቦው ውስጥ ይጀምራል። ደህና ገንዳ የሚሸተው እንደ እርጥብ አፈር ነው።

«ትንሽ ከተማ አቅሟ አይፈቅድም»

ውድ ማሽን የግድ አይደለም። ተከታታይ ኩሬዎች ይሠራሉ፦ አልጌው በፀሐይ ኦክስጅን ያመርታል፣ ባክቴሪያው ይጠቀምበታል፣ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። ችግሩ ሰፊ መሬት መፈለጉ ነው። ዝቃጩም በየጥቂት ዓመቱ መውጣት አለበት፤ ይሄኛው ይረሳል፣ ኩሬውም ቀስ በቀስ ይሞላል።

«የዝናብ ውሃ ቢገባበት ፍሳሹን ያቀጥነዋል»

የጣሪያ አሸንዳውን ከፍሳሽ ቱቦው ጋር የሚያገናኝ ሰው የሚያስበው ይህንን ነው። አንድ ቤት ሲሆን አይሰማም። መንደሩ ሁሉ ካገናኘ ግን ከባድ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጎርፉ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ባክቴሪያዎቹን ከነዝቃጫቸው ጠርጎ ወንዝ ይከታቸዋል። በማግስቱ ሰማዩ ይጠራል፣ ቱቦው ይረጋጋል። ገንዳው ግን ባዶ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ እንደገና እስኪበዙ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።