የሲስተር ኮሪታ የሥዕል ክፍል

ሎስ አንጀለስ፣ ሆሊውድ ሰፈር ውስጥ ኢማኪዩሌት ሀርት (ንጽሕት ልብ) የሚባል የካቶሊክ ኮሌጅ ነበር። የሚያስተዳድሩትም የሚያስተምሩበትም መነኮሳይያት ነበሩ። ኮሌጁ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተዘግቷል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሳው በሥዕል ክፍሉ ነው። የሥዕል ክፍሉ ሲነሳ ደግሞ እዚያ ያስተምሩ የነበሩት መነኩሲትና ሠዓሊ ሲስተር ኮሪታ ኬንት ይነሳሉ።

ሲስተር ኮሪታ በ1918 በአይዋ ግዛት ተወልደው ሎስ አንጀለስ አደጉ። በ1936 የመነኮሳይያቱን ማኅበር ተቀላቀሉ። በ1951 ደግሞ በሥነ ጥበብ ታሪክ የማስተርስ ዲግሪ ያዙ። በዚያው ሰሞን ነው ሲልክ ስክሪን የለመዱት፤ ዛሬ ቲሸርት የሚታተምበት ዘዴ ማለት ነው። በፍሬም ላይ ስስ ጨርቅ ይወጠራል፣ ቀለሙ በጨርቁ በኩል እየተገፋ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። አንድ ሥዕል በብዙ ቅጂ ይወጣል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ሲስተር ኮሪታን የሳባቸው ይሄ ነው። ሥዕላቸው ተራ ሰው ሊገዛው በሚችለው ዋጋ እንዲሸጥ አጥብቀው ይፈልጉ ነበር።

በ1962 አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል የሾርባ ቆርቆሮ ሥዕሎቹን ሎስ አንጀለስ ሲያሳይ ሄደው አዩ። ከዚያ በኋላ የዳቦ ማሸጊያው፣ የመንገድ ምልክቱ፣ የሱፐርማርኬቱ ማስታወቂያ ሁሉ ሥዕላቸው ውስጥ ገባ። የዎንደር ብሬድ ዳቦ ማሸጊያ ላይ ያሉት ባለቀለም ክቦች በእሳቸው እጅ ቅዱስ ቁርባንን የሚያስታውሱ ሆኑ።

አስተማሪነታቸው ግን ከሥዕላቸው ይበልጥብኛል። ተማሪዎቻቸው ካርቶን ወስደው መሃሉ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይቆርጣሉ። ከዚያ ወደ ነዳጅ ማደያ ወይም መኪና እጥበት ይወጣሉ። በቀዳዳው ስታይ ማስታወቂያው በሙሉ አይታይህም። የአንድ ፊደል ጠርዝ፣ አንድ ቀይ ቀለም፣ በቃ። ሺህ ጊዜ ያለፍክበት መንገድ አዲስ ይሆንብሃል። ካርቶንና መቀስ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ማንም አስተማሪ ነገ ክፍሉ ውስጥ ሊሞክረው ይችላል። ሲስተር ኮሪታ የቤት ሥራ ሲሰጡም በብዛት ነው። አንድ ጥሩ ሥዕል አምጡ አይሉም፤ መቶ ነገር ሥሩ ይላሉ። መቶ የሚሠራ ሰው ስለ ማማሩ የሚጨነቅበት ጊዜ የለውም።

ኮሌጁ በየዓመቱ የማርያም ቀንን ያከብር ነበር። ድሮ ጥቁር ተለብሶ በጸጥታ የሚኬድበት ሰልፍ ነበር። በ1964 ዝግጅቱ ለሲስተር ኮሪታና ለተማሪዎቻቸው ተሰጠ። ጊዜውም የተመቸ ነበር፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ራሷን ለማደስ የጠራችው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ገና እየተካሄደ ነው። መነኮሳይያቱና ተማሪዎቹ የአበባ ጉንጉን ደፉ። ከሱፐርማርኬት የመጡ ማስታወቂያዎች ሰንደቅ ሆኑ። የበዓሉ ሐሳብ ምግብ ነበር፤ ማለትም እመቤታችንን እያመሰገኑ የተራበውን ሰው ማሰብ። ተመልካች ሆኖ የቀረ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሰንደቁን የቀባው ራሱ ተሸክሞት ይሄዳል።

ሁሉም ግን አልወደደውም። በዚያው ዓመት ማርያምን ከበሰለ ቲማቲም ጋር ያመሳሰለው ኅትመታቸው ብዙ ሰው አስቆጣ። የከተማው ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ማክኢንታየር ከማኅበሩ ጋር የገቡበት ውዝግብም እየከረረ ሄደ። ሲስተር ኮሪታ በ1968 ምንኩስናቸውን ትተው ወደ ቦስተን ሄዱ። በ1970 ደግሞ ከ300 በላይ እኅቶች ከቃል ኪዳናቸው ወጥተው የራሳቸውን ነፃ ማኅበር መሠረቱ።

ቦስተን ከሄዱም በኋላ ሥራቸው ከአደባባይ አልጠፋም። በ1971 በትልቅ የጋዝ ማጠራቀሚያ ላይ የቀስተ ደመና ቀለማት ተቀቡ፤ ንድፉ የእሳቸው ነው። በ1985፣ በካንሰር ከማረፋቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ የአሜሪካ ፖስታ ቤት «ፍቅር» የሚል ቴምብራቸውን አወጣ። ዋጋው 22 ሳንቲም ነበር፤ ከ700 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።