ሸክላ ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ዕቃ ስንገዛ የምንሸወድባቸው ነገሮች

ጎንደር ውስጥ ካርቶን ሙሉ የሙዚቃ ሸክላ ያስቀመጠ ቤት ዛሬም አይጠፋም። አምሃ እሸቴ በ1969 (እ.ኤ.አ.) አምሃ ሪከርድስ የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ ካቋቋመ በኋላ የወጡት ባለ 45 ዙሮች (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት) በተለይ ይወደዳሉ። «ኮምፒውተር ላይ እንገልብጣቸው» ሲባል ግን መካሪው ይበዛል፤ ከምክሩም ብዙው ገንዘብ ያስበላል።

«ከአሜሪካ የመጣ ማጫወቻ ትራንስፎርመር ካለው ይሠራል»

ትልቁ ሽወዳ ይሄ ነው። ትራንስፎርመር 220 ቮልቱን ወደ 110 ያወርዳል እንጂ ኸርዙን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበትን ብዛት፣ አይነካም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ የአሜሪካው 60። የብዙ ድሮ ማጫወቻዎች ሞተር ደግሞ የሚዞረው ኸርዙን ተከትሎ ነው። ስለዚህ 45 መዞር የነበረበት ሸክላ በደቂቃ 37.5 ይዞራል። ዘፈኑ ይጎተታል፣ ሴቷ ዘፋኝ ወንድ ትመስላለች። ቀድቶ ፍጥነቱን በሶፍትዌር 20 በመቶ መጨመር ይቻላል፤ ባስና ትሬብሉ ግን ትንሽ ይዛባል። ከ100 እስከ 240 ቮልት በሚቀበል አዳፕተር የሚሠሩት አዲሶቹ ይህ ጣጣ የለባቸውም። ዘመድዎ ሻንጣ ከማሰሩ በፊት የዕቃውን ጀርባ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክልዎ። «60 ኸርዝ» ብቻ ከተጻፈበት ይጠርጥሩ።

«ገመዱን ላፕቶፑ ላይ መሰካት ይበቃል»

አይበቃም። ከተለመደው መርፌ የሚወጣው ድምፅ 5 ሚሊቮልት አካባቢ ነው፤ በጣም ደካማ ነው። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ባሱ ተቀንሶ፣ ትሬብሉ ተጨምሮ ነው። ድምፁን አጉልቶ ይህን ወደ ቦታው የሚመልሰው ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው ማጉያ ነው። የላፕቶፑ ቀዳዳም ብዙውን ጊዜ የማይክ ነው፤ የግራና የቀኙን ቻናል ለይቶ አይቀበልም። ስለዚህ ከፕሪአምፑ ቀጥሎ ላይን መግቢያ (ፕሪአምፕ ያጎላውን ድምፅ የሚቀበል ቀዳዳ) ያለው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ያስፈልጋል። ሁለቱንም በውስጡ የያዘ ባለ ዩኤስቢ ማጫወቻ ካገኙ ተገላገሉ። አንዳንድ ማጫወቻ ጀርባው ላይ «ፎኖ» እና «ላይን» የሚል ማብሪያ አለው። «ላይን» ላይ ሲሆን የራሱ ፕሪአምፕ ስለሚሠራ ሌላ ፕሪአምፕ ከደረቡበት ድምፁ ይበላሻል።

«ለመቅዳት ከሆነ ርካሹ ባለ ሻንጣ ማጫወቻ ምን አለው?»

ውበቱን አልክድም፣ ሳሎን ያደምቃል። ግን የብዙዎቹ መርፌ 5 ግራም አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይጫናል፤ ደህና ማጫወቻ ላይ 2 ግራም ገደማ ነው። ክብደቱንም ማስተካከል አይቻልም። ምትክ ለሌለው ሸክላ እኔ አልደፍርም። ከገንዘቡ ትልቁ ድርሻ ለማጫወቻውና ለመርፌው ይሁን።

«ኃይለኛ ኮምፒውተር ግድ ነው»

ውሸት። አሮጌ ላፕቶፕና ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ይበቃሉ። በሲዲ ጥራት (በ44.1 ኪሎኸርዝና በ16 ቢት) ሲቀዱ አንድ ደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ዋናውን ባልታመቀው የፋይል ዓይነት በዋቭ ያስቀምጡ፣ ለስልክ የሚሆነውን ኤምፒስሪ ከእሱ ያውጡ። እምምም የሚል ድምፅ ከገባ ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ይሞክሩ፤ ካልጠፋ የማጫወቻው የግራውንድ ሽቦ መታሰሩን ይዩ።

«መርፌ ሁሉ አንድ ነው»

ለባለ 33 እና ለባለ 45 አንዱ ይሆናል። የባለ 78 ጎድጓዳ መስመር ግን ሰፊ ነው፤ የራሱን ወፍራም መርፌ ይፈልጋል። ባለ 78 ሸክላ ካለዎት መርፌው የሚቀየር ማጫወቻ ይምረጡ። ባለ 78 ሸክላውን ሲያጸዱም አልኮል አይንካው፣ ያሟሟዋል።